የሚንገዳገደው ጠረጴዛ

በእጄ ቀጥቅጬ የሠራሁት የብረት ጠረጴዛ ተገጣጥሞ ሲቆም ተንገዳገደ። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ወለሉን ነበር፤ ቦታ ብቀይርለትም ያው ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ እግሮቹን ስለካ አንዱ ከሌሎቹ 8 ሚሊ ሜትር አጥሮ አገኘሁት። አራቱንም እኩል 75 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ነበር የቆረጥኋቸው!

ጥፋቱ ከጥምዝማዛው ነው። ባለ አራት ማዕዘን ብረት ሲጠመዘዝ ያጥራል፤ ዙሩ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ያጥራል። ሦስቱን እግሮች ሦስት ሦስት ዙር ጠምዝዣለሁ፤ አራተኛው ግን ሞርሳው ላይ ሳስረው በጣም ግሎ ስለነበር፣ እንደ ሊጥ እየታዘዘልኝ አምስት ዙር ሄዷል።

ጥምዙን መልሼ መፍታት አልፈለግሁም፤ የማዕዘኖቹ ጥራት ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ስለዚህ የአጭሩን እግር ጫፍ ብቻ ከሰሉ ውስጥ ከትቼ፣ ብርቱካናማ እስኪሆን ወናፉን ነፋሁ። ከዚያ በጉጠት ይዤ መስፉ ላይ በመዶሻ አራቱንም ጎን እያገላበጥሁ ቀጠቀጥሁት። ብረት የሚረዝመው ከውፍረቱ ተቀንሶ ነውና ጫፉ ቀጠነ፤ መልካቸው እንዲመሳሰል የሌሎቹንም ጫፍ እንዲሁ አቀጠንሁና ሁሉንም በመጋዝ እኩል ቆረጥኋቸው። ገና ትኩስ ሳሉ ሰም ቀባኋቸው፤ ጥቁር ሆነው አበሩ።

አሁን መጀመሪያ እጠመዝዛለሁ፤ ለክቼ የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።