ሶኒ ኤ7 ፎር ወይስ ካኖን አር6 ማርክ ቱ? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እንዴት እንደሚመረጥ

ሶኒ ወይስ ካኖን? ፎቶ አንሺዎች ሻይ ላይ በተቀመጡ ቁጥር ይቺ ጥያቄ ትነሳለች። አንዱ በሶኒ ይምላል፣ ሌላው በካኖን። ጠያቂው ግን እንደጠየቀ ይነሳል።

እኔ ጥያቄውን ጠበብ ላድርገው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እየሠራችሁ ከድሮው ካሜራ ወደ ፉል ፍሬም ሚረርለስ (ትልቅ ሴንሰር ያለው፣ ከሌንሱ ኋላ የሚያንጸባርቅ መስታወት የሌለው ካሜራ) መሻገር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዞሮ ዞሮ የምታመነቱት በሁለት ቦዲዎች (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ) መካከል ነው፤ በ2021 በወጣው ሶኒ ኤ7 ፎር እና በ2022 በወጣው ካኖን አር6 ማርክ ቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሁለቱም ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ ቦዲው ብቻ 2,499 ዶላር ነበር። በ2025 ለሁለቱም ተተኪ ስለወጣ አሁን ያገለገለውን ማግኘት ቀሏል። "ታዲያ አዲሱን ልግዛ እንዴ?" ለሚል፣ ገንዘቡ ከተረፈው ይግዛ። ለሰርግ ሥራ ግን እነዚህ ገና ብዙ ዓመት ያሠራሉ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ቦዲ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንድን ሽፋሽፍት ጫፍ አራት እጥፍ አጉልቶ የሚያወዳድረውን ቪዲዮ ለጊዜው ተዉት። ሙሽራዋ አልበሟን እንደዚያ አታይም።

1. ቤት ያለውን ዕቃ አውጡና ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና ያላችሁን ሌንስ፣ ባትሪ፣ ፍላሽ፣ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው) በሙሉ ጻፉ። ግማሹ ውሳኔ እዚህ ወረቀት ላይ ያልቃል።

እስካሁን በካኖን 5ዲ ወይም 6ዲ ስትሠሩ ከነበረ እጃችሁ ላይ የኢኤፍ ሌንሶች አሉ። ካኖን ይህን ማውንት (የሌንስ መግጠሚያ) ይዞ የመጣው በ1987 ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተሠሩት የኢኤፍ ሌንሶች በአንዲት ትንሽ አዳፕተር አር6 ማርክ ቱ ላይ ይገጠማሉ። አዳፕተሯ ውስጥ መስታወት የለም፣ ክፍተቱን ብቻ ነው የምትሞላው፤ ስለዚህ ጥራት አይቀንስም፣ ኦቶፎከሱም እንደ ልቡ ይሠራል። እንዲያውም ድሮ ፎከስ ስቶ ያስቸግራችሁ የነበረው 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 እዚህ ላይ ዓይን ፈልጎ ሲይዝ ሌላ ሌንስ ይመስላችኋል። የድሮዎቹ ኤልፒ-ኢ6 ባትሪዎችም ይሠራሉ፤ አዲሱን ያህል ባይቆዩም ለመጠባበቂያ ይሆናሉ።

ሶኒ ላይም የካኖን ሌንስ በሌላ ድርጅት አዳፕተር ይገጠማል። ለፎቶ ይሁን እንበል። ቪዲዮ ላይ ግን ፎከሱ ወዲህ ወዲያ ሲዋዥቅ ትበሳጫላችሁ። ለሥራ አልመክርም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌንሱ ላይ "ኢኤፍ-ኤስ" የሚል ከተጻፈ፣ ማለትም ከነ70ዲ ጋር የምትሠሩበት 18-55 ዓይነት ከሆነ፣ ፉል ፍሬም ላይ ሲገጠም ካሜራው ራሱ ጠርዙን ቆርጦ ያነሳል። 24 ሜጋፒክሰሉ ወደ 9 ገደማ ይወርዳል። እነዚህን "አለኝ" ብላችሁ አትቁጠሯቸው።

የጎዶክስ ትሪገርም በየብራንዱ የተለየ ነው። የካኖኑን ይዞ ሶኒ መግዛት ማለት ሌላ ትሪገር መግዛት ማለት ነው። ትንሽ ወጪ ትመስላለች፣ ግን ሰርጉ ቀን ላይ ነው ትዝ የምትለው።

2. ምንም ከሌላችሁ የሌንስ ዋጋ አስሉ

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነገሩ ይገለበጣል። የሶኒ ማውንት ለሌሎች አምራቾች ክፍት ስለሆነ ሲግማ እና ታምሮን ለእሱ እንደ ጉድ ሌንስ ሠርተዋል። ታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 እና ሲግማ 24-70 ኤፍ 2.8 ብቻቸውን አንድ ሰርግ ከጠዋት እስከ ማታ ይሸፍናሉ፣ ዋጋቸው ደግሞ ከሶኒ የራሱ ጂ ማስተር ሌንስ በብዙ ያንሳል። ብዛታቸው ያገለገለውን ገበያም ጠቅሟል።

ካኖን በዚህ በኩል በሩን ጥርቅም አድርጎ ነው የኖረው። በ2024 ለሲግማ እና ለታምሮን ፈቃድ ሲሰጥም የወጡት ሌንሶች ለትንሹ ሴንሰር፣ ለኤፒኤስ-ሲ ነበሩ። እሱ ራሱ ግን በዚያው ዓመት አርኤፍ 28-70 ኤፍ 2.8 የሚባል ቀለል ያለ ሌንስ በ1,099 ዶላር አወጣ፤ ይህ ክፍተቱን ትንሽ አጥብቦታል።

ካኖንን ከዜሮ መጀመር ለሚፈልግ አንድ አቋራጭ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ሚረርለስ ሲሻገር የድሮ ኢኤፍ ሌንሱን እየሸጠ ነው። 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል እና 70-200 ያገለገለ ፈልጋችሁ በአዳፕተር ብትሠሩ ምስሉን አይቶ ልዩነቱን የሚያውቅባችሁ ደንበኛ የለም። ክብደቱን ግን የሚያውቀው የእናንተ ትከሻ ነው።

3. ሥራችሁን ቦዲው ላይ አስቀምጡት

አሁን ወደ ቦዲው እንምጣ። ሶኒው 33 ሜጋፒክሰል ነው፣ ካኖኑ 24። በ300 ዲፒአይ ሲታተም የካኖኑ ፋይል 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል፣ የሶኒው 59 በ40 ገደማ። ሁለቱም ኤ3ን ያልፋሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አዘውትራችሁ ካሳተማችሁ፣ ወይም ካነሳችሁ በኋላ አብዝታችሁ ክሮፕ የምታደርጉ (ጠርዙን የምትቆርጡ) ከሆነ የሶኒው ይጠቅማል። ካልሆነ ትርፉ ሃርድ ዲስክ ቶሎ መሙላት ነው።

ካኖኑ በሰከንድ 40 ፎቶ ያነሳል። እውነት ነው። ግን ኬክ በዝግታ ነው የሚቆረጠው፣ ከ40 ተመሳሳይ ፎቶ አንዱን ሌሊት ቁጭ ብላችሁ የምትመርጡት ደግሞ እናንተው ናችሁ።

እኔ ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ የማየው ድምፅ አልባውን ሹተር ነው። ተክሊል ላይ ናችሁ እንበል። ቅዳሴው ጸጥ ያለበት ሰዓት ነው፣ ካህኑ ፊት ለፊታችሁ ቆመዋል፣ የእናንተ ሹተር ቷ ቷ ሲል ዲያቆኑ ዞር ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ላይ ታደርጉታላችሁ። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚመጣው፤ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ሶኒ ኤ7 ፎር ይህን ለመጨረስ የሰከንድ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፣ ካኖኑ ግን ከዚያ አራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ውጤቱ ምንድን ነው? በጧፍና በመስኮት ብርሃን ብቻ ከሆነ ሁለቱም ሰላም ናቸው፣ ሰው እስካልተወራጨ ድረስ። ኤልኢዲ አምፑል ባለበት ግን የሶኒው ፎቶ ላይ አግድም ጥቁር መስመር የመጋደም ዕድሉ ብዙ ነው። ካኖኑም ጨርሶ አይድንም፣ ግን ይሻላል። ሶኒ ከያዛችሁ ኤልኢዲ ስር መካኒካል ሹተር ተጠቀሙ፣ ከዚያ ዲያቆኑን ይቅርታ ጠይቁ። ደግሞ በሁለቱም ላይ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሲሆን ፍላሽ አይበራም።

ቪዲዮ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። ጭፈራውን በ4ኬ 60 ፍሬም ቀርጻችሁ እስክስታውን ቀስ አድርጋችሁ ማሳየት ከወደዳችሁ፣ ካኖኑ ሙሉውን ሴንሰር ተጠቅሞ ይቀርጻል። ሶኒው ግን 60 ላይ 1.5 እጥፍ ይቆርጣል፤ 24 ሚሜ ሌንሳችሁ እንደ 36 ይሆናል። ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ ሙሽሮቹ አሁንም ፍሬም ውስጥ አልገቡም ማለት ነው። በ30 ፍሬም ግን ሶኒው ከ7ኬ አሳንሶ ስለሚያወጣው ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ሶኒውን የገዛ ሰው በሙቀት ራሱን የሚያጠፋበትን ሴቲንግ ከ"ስታንዳርድ" ወደ "ሃይ" ይቀይረው፤ ያለበለዚያ ረጅም ቀረጻ መሃል ላይ ይጠፋል።

ውጭ ላሉ ዘመዶች ሰርጉን በቀጥታ የምታስተላልፉ ወይም ካሜራውን ከአዳራሹ ስክሪን ጋር የምታገናኙ ካላችሁ፣ መሰኪያውን እዩ። ሶኒው ቲቪ ላይ ያለውን ዓይነት ሙሉ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ካኖኑ ማይክሮ። ማይክሮዋን አንድ ሕፃን ገመዱን ረግጦ ከነቀላት ለጥገና ተዘጋጁ።

በእጅ ይዞ ለሚቀርጽ የካኖኑ ማረጋጊያ ይሻላል፤ በድርጅቶቹ መለኪያ የካኖኑ 8 ስቶፕ፣ የሶኒው 5.5፤ ቁጥሩ ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጥን የበለጠ ይቋቋማል። ባትሪ የሚያጣላ አይደለም። ሁለቱም ሁለት ሜሞሪ ይወስዳሉ፣ እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ሜሞሪ ላይ በአንዴ እንዲጻፍ አድርጉ።

4. የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ

ሱቅ ስትሄዱ ወይም ካሜራው ካለው ጓደኛ ጋር ስትገናኙ እንዲህ አድርጉ። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው አብሯችሁ ይሂድ፣ እውነቴን ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ፍሬም ውስጥ መያዝ የእኛ አገር ሥራ ዋናው ፈተና ነው። ካሜራው ለፊት ሲያበራ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ጥለቱ ይጠፋል፤ ለነጠላው ሲያጠቁር ፊት ይጨልማል። ሰውየውን መስኮት አጠገብ አቁሙት፣ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እያያችሁ ነጠላው እስኪተርፍ ድረስ አጨልሙት። ቤት ገብታችሁ ፊቱን ኤዲት ላይ አንሱት። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ በ50 ሚሜ፣ ኤፍ 1.8፣ ሹተር 1/200፣ አይኤስኦ 6400 አድርጉና ወደ እናንተ እየተራመደ ይምጣ። ስንቱ ፎቶ ላይ ዓይኑ ጥርት ብሏል? ቁጠሩት። "ካኖን ቆዳ ያሳምራል" የሚባለው ጄፔግ ላይ ትንሽ እውነት አለው፣ በሮው ለሚሠራ ግን ቀለም የኤዲት ጉዳይ ነው።

ሜኑውንም ነካኩት። የካኖኑ ለመልመድ ይቀላል። የሶኒው ብዙ ነገር የሚያስቀይር ግን የሚያደናግር ነው፣ ሳምንት ይፈጃል።

5. ያገለገለ ከሆነ ዓይናችሁን ግለጡ

ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬ ወር የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በዕለቱ ጠይቁ። ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀውን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ካሜራውን ስታነሱት ውስጡ ቀጭ ቀጭ ቢል አትደንግጡ። ማረጋጊያ ያለው ሴንሰር ሲጠፋ ልቅ ይሆናል፣ ጤነኛ ነው። ሶኒ ከሆነ ሜኑው ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን እዩ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የለውም፣ ረከሰ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ እሱ ነው። ባትሪው ፎርጅድ እንዳይሆን፣ ሲሪያል ቁጥሩም ከካርቶኑ ጋር እንዲገጥም።

ከሁሉም በላይ ሴንሰሩን። ኤፍ 16 ላይ አድርጉና ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ፎቶውን አጉሉ። ደብዛዛ ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ወይም ቦታውን የማይለቅ ደማቅ ነጥብ ካያችሁ ግን መልሱት። የዲጄ ሌዘር የመታው ሴንሰር ሊሆን ይችላል። ሚረርለስ ላይ ካሜራው በርቶ እያለ ሴንሰሩ ብርሃን ፊት ገላጣ ስለሆነ፣ የሰርግ አዳራሽ ሌዘር በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል፣ ጥገናው ደግሞ ሴንሰር መቀየር ነው። እናንተም ከገዛችሁ በኋላ ሌዘሩ ወደ መድረክ እንዳይዞር ዲጄውን ቀድማችሁ አናግሩት።

6. ወስኑ

የኢኤፍ ሌንስ ካላችሁ፣ ወይም ጭፈራና ቪዲዮ የሚበዛባችሁ ከሆነ፣ ካኖኑን ውሰዱ። ከዜሮ ከጀመራችሁና ገንዘቡ ሌንስ ላይ እንዲተርፍ ከፈለጋችሁ፣ ወይም ክሮፕና ትልቅ ህትመት ከበዛ፣ ሶኒውን። ሁለተኛ ካሜራማን ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እሱ የያዘውን ያዙ፤ ሌንስ መዋዋስና ቀለም ማመሳሰል ሌሊቱን ያሳጥርላችኋል።

ከገዛችሁ በኋላ የድሮውን ካሜራ ወዲያው አትሽጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሰርጎች አዲሱን እየለመዳችሁ ስትሠሩ፣ ባትሪው ተሞልቶ፣ ሜሞሪ ገብቶበት፣ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።