ሻደይን፣ አሸንድዬንና ሶለልን በመዝናኛ ፓርክ ስታዘጋጁ

ሥራዬ ደሴ ውስጥ ለበዓል ማስጌጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመዝናኛ ፓርክ «የወሎ ልጃገረዶችን በዓል አዘጋጂልን» አለኝ። ቸኮልኩ። የፕላስቲክ ሣር ገዛሁ። ለልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፋሁ። ዘፈኑን በስፒከር ለቀቅኩት። ከቆቦ የመጡ አንዲት እናት ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይሄ የማን ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ በየስሙ ጥሩት። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ነው። እህትማማች ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ሦስቱንም ካቀረባችሁ ለየብቻ ቦታ ስጧቸው። የዋግ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ከዘፈኑ «በአማርኛ አድርጉት» አትበሏቸው። ትርጉሙን ጽፋችሁ አጠገባቸው ስቀሉ።

ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ ፓርክ ኤፕኮት 11 አገሮችን የሚያሳይ ሰፈር አለው። በገና ሰሞን በአብዛኞቹ አገሮች ክፍል ተራኪ ይቆማል። በጣልያን በኩል ላ ቤፋና የምትባለው የተረት አሮጊት ታሪኳን ታወራለች። ጎብኚው ልብስ ብቻ አይቶ አያልፍም፤ ታሪኩን ከሰው አፍ ይሰማል። ይህን እወድላቸዋለሁ። ላ ቤፋና ግን ተዋናይ ናት። እኛ ተዋናይ ምን ያደርግልናል? ባለቤቶቹ እዚሁ ቅርባችን ናቸው። ከቆቦ ደሴ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጆቹን ከነእናቶቻቸው አስመጡ። የትራንስፖርት፣ የምሳና የውሎ አበል ከመምጣታቸው በፊት ይወሰን። ፎቶ ለማንሳት እናቶቹን አስፈቅዱ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። በዓሉ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ይጀምራል። የዚያን ዕለት ልጆቹን ከቀያቸው አትንጠቁ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ቤት ለቤት ይዙሩበት። እናንተ ከዚያ በኋላ ካሉት ቀናት አንዱን ያዙ። ወደ ጳጉሜን ግን አትግፉት።

ሣሩን ራሳቸው ያውቁታል፤ ይዘው ይምጡ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ሥር ማስቀመጥ የእናንተ ፋንታ ነው። ወገብ ላይ ታስሮ ሲጨፈርበት አብሮ የሚወዛወዘው እርጥቡ ነው። ፕላስቲኩ ደርቆ ይቆማል። ስፒከሩንም አጥፉት፤ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል። በወጉ የተዘፈነለት ሰው ስጦታ ይሰጣል። እዚህም ጎብኚው በልጆቹ እጅ ይስጥ፤ ፓርኩ አይካፈል።

መዝሙርና መንዙማ በዥዋዥዌ መካከል አታስገቡ። አምልኮ ናቸው። ቡና ካፈላችሁ ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ይፈላ። ለፎቶ አንድ ስኒ ቀድቶ መነሳት ነውር ነው።

እኔ አሁን ፕሮግራሙን ከማሳተሜ በፊት ለእኚያ እናት በስልክ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ነሐሴ «ሶለልን ከበሩ አርቀሽ ዛፉ ጥላ ሥር አድርጊልን፣ ልጆቹ ፀሐይ ይመታቸዋል» አሉኝ። ዛፉ ሥር አደረግነው።