የግዕዝ ቁጥርን በፓይተን ወደ ኢንቲጀር እንዴት እንቀይራለን?

ፓይተን ላይ «2017» የሚል ስትሪንግ (ጽሑፍ) ለኢንት ፈንክሽን ብትሰጡት ወዲያው ቁጥር ያደርግላችኋል። ዳርና ዳር ላይ ክፍት ቦታ ቢኖር ራሱ ያጸዳዋል። የአረብኛና የሂንዲ አሃዞችንም ያነባል። «፳፻፲፯» ሲያገኝ ግን ቫሊውኤረር የሚባል የስህተት መልእክት ሰጥቶ ይቆማል። ኢንት የሚያውቀው ዜሮ ያለውን፣ የአሃዙ ዋጋ በቦታው የሚወሰንበትን አጻጻፍ ብቻ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ አሥርም፣ ሃያም፣ መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ስለዚህ መቀየሪያውን ራሳችን መጻፍ አለብን።

«ሳንቀይር እንደ ጽሑፍ ብንደረድረውስ?» የሚል ይኖራል። እስከ ፻፺፱ ድረስ ይሠራል፤ ምልክቶቹ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ በሚሰጠው የቁጥር መለያ) ያላቸው ተራ ከዋጋቸው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው። 150ው መዝሙረ ዳዊት በትክክል ይሰለፋል። ፪፻ ላይ ስትደርሱ ግን ከ፪ ቀጥሎ፣ ከ፫ በፊት ገብቶ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን አጽዱ። የተጣበቁ «፡» እና «።» ካሉ ከዳርና ዳር በሚቆርጠው በስትሪፕ አውጧቸው።

ቀጥሎ ፍተሻ ነው። እዚህ ላይ «አሃዝ ነው ወይ?» ብሎ የሚፈትሸውን ኢዝዲጂትን አትመኑ። ለ«፭» «እውነት» ይላል፤ ኢንት ግን ያንኑ «፭» አይቀበልም። ለ«፳» ደግሞ «ሐሰት» ይላል። እያንዳንዱ ምልክት ከ«፩» እስከ «፼» ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ፤ ሃያ ምልክቶች ናቸው። የየምልክቱን ዋጋ ለማግኘት ረጅም ሰንጠረዥ መጻፍ አያስፈልግም። ከፓይተን ጋር የሚመጣው ዩኒኮድዳታ ውስጥ ኑሜሪክ የሚባል ፈንክሽን አለ። ውጤቱ በነጥብ ስለሚመጣ ኢንት ውስጥ አስገቡት።

ዋናው ፈተና ስሌቱ ነው። ዝም ብላችሁ ብትደምሩ ፳፻፲፯ 137 ይሆናል። ፻ ከፊቱ ያለውን ያባዛል እንጂ አይደመርም። ብዙ ሰው ይህን ይረዳና ፻ በመጣ ቁጥር እስከዚያ የተጠራቀመውን ሁሉ በመቶ ያባዛል። ለ፳፻፲፯ ልክ ይመጣል። ፫፼፪፻ ላይ ግን 30,200 መሆን የነበረበት 3,000,200 ይወጣል። ፻ የሚያባዛው ከመጨረሻው ፼ ወዲህ ያለውን ብቻ ነውና።

ስለዚህ ሦስት ቫሪያብሎች ያዙ፤ «ድምር»፣ «መቶ» እና «ያዥ»። ሦስቱም ከዜሮ ይጀምራሉ። ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ምልክት እዩ። ከ፩ እስከ ፺ ከሆነ ያዥ ላይ ደምሩ። ፻ ከሆነ ያዥን በ100 አባዝታችሁ መቶ ላይ ደምሩ፤ ያዥ ባዶ ከሆነ እንደ 1 ቁጠሩት። ከዚያ ያዥን ወደ ዜሮ መልሱ። ፼ ከሆነ ሦስቱን ደምሩና በ10,000 አባዙ፤ ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ አሁንም እንደ 1 ነው። ውጤቱን «ድምር» ውስጥ አስቀምጡ፣ ሌሎቹን ባዶ አድርጉ። ሉፑ ሲያልቅ መልሱ የሦስቱ ድምር ነው።

የማይታወቅ ምልክት ሲመጣ ዜሮ የሚመልስ ኮድ በፍጹም አትጻፉ። የተበላሸ ገጽ ቁጥር ሳይታወቅ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ኤረሩ በግልጽ ይታይ።

በመጨረሻ ሞክሩት። ፹፩ 81፣ ፻ 100፣ ፲፻ 1,000፣ ፲፱፻፹፭ 1985፣ ፼፻ 10,100፣ ፻፼ ደግሞ 1,000,000 መስጠት አለባቸው። ፩፻ ብሎ የሚጽፍም አለ፤ እሱም 100 ነው።