የቡታ ጋዝ ሴንሰሯ በሆነ ባልሆነው ስትጮህ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ስትል

ደብረ ብርሃን እህቴ ማድቤት ውስጥ የጣት ጫፍ የምታክል የጋዝ ሴንሰር ገጥሜላታለሁ። ያስቸገሩኝን ነገሮች ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ስትጮህ «ደግሞ ጀመራት» ብላችሁ አትንቀሏት። ሲሊንደሩን ዝጉ። በርና መስኮት ክፈቱ። መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ። ሽታው ሲወጣ ጎማውና ሬጉሌተሩ የሚገናኙበት ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡና ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ አረፋው ከተነፋ ሴንሰሯ እውነቷን ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ትጮሃለች? በርዷት ነው። የምትሠራው ውስጧ ያለችው ማሞቂያ ስታግላት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ፣ እስክትግል ድረስ የምትሰጠው ቁጥር አይታመንም። ቁጥሯን አንብቦ የሚያስጮኻት ትንሽ ኮምፒውተር ኮድ ላይ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች አስዘልሏት፣ እስከዚያ ምድጃ አትለኩሱ። አዲስ ከሆነች ደግሞ 24 ሰዓት ሳትነቀል ትሙቅ።

የእኔ ራስ ምታት ሌላ ነበር። መጀመሪያ የገጠምኩት ኤምኪው-2 የሚባለውን የሴንሰር ዓይነት ነበር፣ እና ጎረቤታችን አረቄ ባወጡ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። የአልኮልም የጭስም ሽታ ይነካታል። በኤምኪው-6 ስቀይራት ተገላገልን፤ እሷ ለአልኮልና ለጭስ ብዙም ደንታ የላትም።

የሚያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። አንዱ ምክንያት ቦታ ነው፦ ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለች ሴንሰር ዘግይታ ነው የምትሰማው። ከወለሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግጠሟት። ሁለተኛው ቻርጀሩ ነው። ማሞቂያዋ 5 ቮልት ትፈልጋለች፣ 150 ሚሊአምፔር ያህልም ትወስዳለች፤ አሮጌ የስልክ ቻርጀር 4.5 ላይ ሲወርድ የማሞቂያዋ ኃይል ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። በእጃችሁ ንኳት፣ ለብ ማለት አለባት። ከቀዘቀዘች ንቀሉና በቴስተር የማሞቂያዋን እግሮች ለኩ፣ 33 ኦም አካባቢ ካላሳየ ተበጥሳለች።

ደግሞ ፋብሪካው ለሴንሰሯ የሚሰጠው ቁጥር የተለካው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጠዋት በብርዱ ጋዙን አሳንሳ ነው የምታየው። ስለዚህ የምትጮህበትን ቁጥር አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ አስተካክላችሁ አታምጡ፣ እዚያው በተሰቀለችበት፣ በብርዳማ ጠዋት አስተካክሉ።

ሲሊኮን የተቀባ ነገር አጠገብ ካለ እሱም ይመርዛታል፣ መድኃኒት የለውም፣ መቀየር ነው።

በየወሩ ምድጃው ሳይነድ፣ እሳት ሳትለኩሱ የላይተር ጋዝ ብቻ አጠገቧ ለቀቅ አድርጉ። በጥቂት ሰከንድ ካልጮኸች የዚያኑ ዕለት ቀይሯት።