አንደኛ ዓመት ተማሪ ነህ? መኪናዋን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት

ደሴ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ሥራዬ ይበዛል። ልጁ አዲሱን መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይፍለቀለቃል። አባት ደግሞ ጠጋ ብለው «መምህር፣ ቪትዟን ይዟት ቢሄድ ምን ይመስልዎታል?» ይሉኛል።

የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት እቤት ትቆይ።

ለምን? አንደኛ ዓመት ላይ ማረፊያህ ገና አልለየለትም። ዲፓርትመንት የምትመደበው የፍሬሽማን ኮርሱን ጨርሰህ፣ በውጤትህ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከገባህ ዋናው ግቢ ደሴ ነው፣ ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ዘንድሮ ደክመህ ያገኘኸው የመኪና ማቆሚያ ለከርሞ ላይጠቅምህ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ጓደኛ ነው። መኪና ያለው ተማሪ የዶርሙ ሹፌር ሆኖ ይቀራል። አንዱ መናኸሪያ አድርሰኝ ይላል፣ ሌላው ሐይቅ ደርሰን እንምጣ ይላል። ቤንዚን ላይ ግን ሁሉም ኪሱን ይረሳል። ሰልፉንም የምትሰለፈው አንተው ነህ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ቅዳሜህ ማደያ በር ላይ ታልቃለች። ለከተማ መንገድ ባጃጅ አለ፣ ለኮምቦልቻ ሚኒባስ አለ። አንደኛ ዓመት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

አንዳንዱ ግን ግድ ይሆንበታል። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ አለ፤ ከትምህርት በኋላ የቤተሰብ ሥራ የሚያግዝም አለ። የሚቀጥለው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ ንዳ። የተማሪ መኪና ግቢ ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የራሱ ደንብ ነው። ወልድያ የሚሠራው ደሴ ላይሠራ ይችላል፤ መቅደላ አምባም እንደዚያው። በር ላይ ያለው ጥበቃ «አብሽር፣ ችግር የለም» ቢልህ በዚያ አትተማመን። ነገ ሌላ ተረኛ ይቆማል፣ እሱ አብሽር አይልህም። የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ ሂድና የተማሪዎችን ሥነ ምግባር ደንብ አሳዩኝ በል። ቀጥለህ የጥበቃ ኃላፊውን አነጋግር።

ስትጠይቅ ደፈናውን «መኪና ይፈቀዳል ወይ?» አትበል። በተማሪ መታወቂያ መኪና ይገባል? ግቢ ውስጥ ማደርስ ይችላል? ወይስ አድርሶ መውጣት ብቻ ነው? የሚቆመው የት ነው? ቢጫር ወይ መስታወቱ ቢሰበር ኃላፊው ማን ነው? ሞተር ሳይክልስ? የሞተሩ ጥያቄ ራሱን ችሎ ይጠየቅ፤ ብዙ ልጅ «መኪና አሉ እንጂ ሞተር መቼ አሉ» ብሎ መጥቶ በር ላይ ይከራከራል። ከፈቀዱልህ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። የሰሌዳ ቁጥርህ ይጻፍበት፣ ማኅተም ይረፍበት። ኮፒውን መኪናው ውስጥ አስቀምጥ።

ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ የምትሄዱም «እዚያ ነፃነት ነው» አትበሉ። አሜሪካ፣ ቻፕል ሂል ያለው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የግቢ መኪና ማቆሚያ ከሚከለክሉት አንዱ ነው። እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ ደግሞ ተማሪ ከተማው ውስጥ መኪና ለመያዝ የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ያስፈልገዋል። መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ።

ወረቀቱን ባጭሩ ልበል። 18 ዓመት ያልሞላው መንጃ ፈቃድ አያገኝም። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሞተር አያስነዳም፤ የሞተር ምድቡ ሌላ ነው። ሊብሬው በአባትህ ስም ከሆነ መኪናዋን እንድትጠቀም መፍቀዳቸውን ጽፈው ይስጡህ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን። ሦስተኛ ወገን የገጨኸውን ሰውና ንብረት ነው የሚክሰው፣ የአንተን ቪትዝ አይጠግንም። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ጓደኛ ቁልፍ ከሰጠህ ደግሞ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ለዶርም ልጅ ቁልፍ የለም። ይቀየምህ።

ግቢ አይገባም ከተባልክ አጥር ያለው ጊቢ ተከራይ። መንገድ ዳር አታሳድር። ከባለቤቱ ጋር ማን በሩን እንደሚከፍትና በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ቀድመህ ተነጋገር። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፣ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ዳገት ላይ ስታቆም የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ከሆነ መሪውን ወደ ጠርዙ አዙር፣ ማርሽ አስገባ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ስትነሳ ድንጋዩን ከመንገድ ላይ አንሳ። ይህን የማያደርግ ሰው በጣም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ከፍታ በአጭር መንገድ ነው የምትወርደው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚለቁ አሉ። በፎሌ ስትወርድ ሞተሩ መኪናዋን አይይዝልህም፣ ሸክሙን ሁሉ ፍሬን ይሸከማል። ፍሬን ሲግል ደግሞ አቅሙ ይደክማል፤ ፔዳሉን ብትረግጠውም መኪናው አይታዘዝህም። ቁጠባውም የውሸት ነው። የአሁኖቹ መኪኖች በማርሽ ሲወርዱ፣ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ፣ ቤንዚን መርጨት ያቆማሉ። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ አውጥተህ ዝቅተኛው ላይ አድርጋት። ፍሬኑን እየያዝክ ልቀቅ፣ ተጭነኸው አትውረድ። ከባድ መኪና ከፊትህ ካለ ርቀትህን ጠብቅ፤ መታጠፊያ ላይ መቅደም የለም። ክረምት ጉም ሲወርድ አጭሩን መብራት አብራ። ረጅሙ ጉሙን መልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያበራው። ጉሙ ከባሰ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣና ጠብቅ። ክፍል ቢያልፍህ ከጓደኛህ ደብተር ትገለብጣለህ።

ለእረፍት ቤተሰብ ዘንድ በአውቶቡስ የምትሄድ ከሆነ መኪናዋን ዝም ብለህ ጥለሃት አትሂድ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተህ ሂድ፣ አለበለዚያ ስትመለስ ግፉልኝ ትላለህ። የእጅ ፍሬኑን ፍታው፣ ለብዙ ሳምንት ተስቦ ከቆየ ሊጣበቅ ይችላል። በምትኩ ማርሽ አስገብተህ ጎማውን በድንጋይ ያዘው። ቁልፉን ለጊቢው ባለቤት አትስጥ። ስልክ ቁጥርህን ስጣቸው።