የአንዲት እናት የፍቅር ታሪክ ሲጻፍ፦ ለመካከለኛ ዕድሜ የፍቅር ልብ ወለድ

ከፍቅሩ በፊት ሂሳቡን ሥሩ። ዋና ገፀ ባሕርያችሁ 47 ዓመቷ ከሆነና የመጀመሪያ ልጇን በ23 ከወለደች፣ ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። ታናሹ 17 ከሆነና ትዳሩ ከስድስት ዓመት በፊት ከፈረሰ፣ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ያስታውሳል። ዓመቱን፣ የእሷን ዕድሜ፣ የልጆቹን ዕድሜና የሆነውን ነገር በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አስፍሩ። ይህ ካልተሠራ በምዕራፍ 3 አሥራ ሰባት የነበረው ልጅ ምዕራፍ 20 ላይ አሥራ አምስት ሆኖ ይገኛል፤ አንባቢም አያልፈውም።

ቀጥሎ ሁለቱን የታሪክ ክሮች ለዩ፦ የፍቅሩንና የራሷን። መፈተኛው ቀላል ነው። ሰውየውን ከታሪኩ አውጡትና የሚቀረውን እዩ። ምንም ካልቀረ የጻፋችሁት እሷን ከችግር ስለሚያወጣ ወንድ ነው። «ራሷን አገኘች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለአንባቢ ምንም አያሳይም፤ እጇ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋታል። ለምሳሌ ልጆቹ ሲወለዱ የተወችው ልብስ ስፌት ይሁን። የስፌት መኪናውን ከዕቃ ክፍል ታወጣለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ የዛገውን መርፌ ትቀይራለች፣ ዘይት ትቀባለች፤ የመጀመሪያው ስፌት ይጨማደዳል፣ ፈትታ እንደገና ትሰፋለች። ይህ ትዕይንት ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ይግባ። እሱ አበረታቷት ከጀመረች ክሩ የእሱ ይሆናል።

80,000 ቃል ካሰባችሁ፣ 30 ምዕራፍ በአማካይ 2,700 ቃል ይደርሳችኋል። ሁለቱ እስከ ምዕራፍ 3 መጨረሻ ይተዋወቁ። እኩሌታው ላይ፣ 40,000 ቃል አካባቢ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ነገር ታድርግ፤ ለልጆቿ መንገር ብዙ ጊዜ ይበቃል። መለያየቱ 60,000 ገደማ ላይ ይምጣ። ብዙ ረቂቆች እዚህ ይበላሻሉ፤ እርቁን በአንድ ምዕራፍ ይጨርሱታል።

የመለያየቱ ምክንያት ግማሹን ብቻ የሰማችው የስልክ ንግግር አይሁን። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት «ማን ነበረች?» ብላ ትጠይቃለች፤ ነገሩም በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ምክንያቱ ከቆየ ልማዷ ይውጣ። የመጀመሪያ ደንበኛዋ በምትመጣበት፣ ማታም እሱን ልታገኝ በተቀጣጠረችበት ቀን ልጇ ደውላ «ዛሬ ሕፃኑን ያዢልኝ» ትላታለች፤ እሷም ሳታስብ «እሺ» ትላለች። ያቺ አንዲት «እሺ» ሁለቱንም ክሮች ባንዴ ትበጥሳለች።

ልጆቹን እንቅፋት ብቻ አታድርጓቸው። «አባታችንን ረሳሽው?» የሚለው ምልልስ ሺህ ጊዜ ተጽፏል። «እማዬ፣ ቅዳሜ ስንት ሰው ነው የምንሆነው?» የሚለው ግን ያንኑ ፍርሃት ይዞ የወንበር ቆጠራ መስሎ ይገባል። የቀድሞ ባሏንም ሰይጣን አታድርጉት፤ አለበለዚያ አንባቢ «ታዲያ 18 ዓመት አብራው ምን ስትሠራ ነበር?» ማለቱ አይቀርም።

ሰውነቷን አትደብቁ። የወር አበባ መቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ዑደቱ ለዓመታት ሊዛባ፣ የሌሊት ላብና የእንቅልፍ ማጣትም ሊኖር ይችላል። አረጠች የሚባለው ተከታታይ 12 ወር ያለ ወር አበባ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በፊት እርግዝና ሊከሰት ይችላልና በፍቅር ትዕይንቱ ላይ ይህን አትርሱ። ትንንሽ ነገሮችም ይጠቅማሉ፦ ለመሳም መነጽሯን ስታወልቅ ፊቱ በቀረበ ቁጥር ይደበዝዝባታል። ከብዙ የጨረቃ ብርሃን ይህ ይሻላል።

የዘርፉ አንባቢ ተስፋ ያለው ፍጻሜ ይጠብቃል፤ ሠርግ ግን ግዴታ አይደለም። ሁለቱን ክሮች በአንድ ትዕይንት አትቋጩ። የራሷ ይቅደም፣ የፍቅሩ ይከተል፤ ሲገላበጥ ሥራዋ የሰውየው ስጦታ ይመስላል።

ረቂቁ ሲያልቅ በወረቀት አትሙትና እሷ ራሷ የወሰነችበትን ትዕይንት ሁሉ በቀለም አስምሩ። ሦስት ምዕራፍ ተከታትሎ ቀለም ከሌለው፣ እዚያ ቦታ ላይ ታሪኩን ሌላ ሰው እየነዳው ነው፤ እንደገና መጻፍ የሚጀመረውም ከዚያው ነው።