የባሕር ውሃ አኳሪየምን በርካሽ ዘዴ ሲያቀዘቅዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኞቹ የሞቃታማ ባሕር ዓሦችና ኮራሎች (ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ እንስሳት) ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ተመችቷቸው ይኖራሉ። ሙቀቱ 30 ዲግሪን አልፎ ለቀናት ሲቆይ ኮራሎች በአካላቸው ውስጥ የሚኖሩትንና አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያዘጋጁላቸውን ጥቃቅን አልጌዎች እያስወጡ ይነጣሉ። ዓሦቹም ይጨነቃሉ፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን እየቀነሰ ሲሄድ የሰውነታቸው የኦክስጅን ፍላጎት ግን ይጨምራልና። በፋብሪካ የተሠራ የውሃ ማቀዝቀዣ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰዎች እጃቸው ላይ ባለው ዕቃ መላ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ጉዳት የሚደርሰው ሙቀቱ ከየት እንደሚገባና በምን መንገድ እንደሚወጣ ሳያጤኑ ሥራውን ሲጀምሩ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚፈጸመው ስህተት የሙቀቱን ምንጭ ሳይነኩ ስለ ማቀዝቀዝ ብቻ ማሰብ ነው። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ የ50 ዋት ፓምፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ እዚያው ይቀራል፤ ይህ ሙቀት መውጫ ቢያጣ በ24 ሰዓት ውስጥ 100 ሊትር የባሕር ውሃን በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ያለውን ፓምፕ በአነስተኛ ኃይል በሚሠራ መተካት፣ መብራቱን ከውሃው ራቅ አድርጎ መስቀልና የሚበራበትን ሰዓት ወደ ምሽት ማዛወር፣ በመስኮት የሚገባውን የፀሐይ ብርሃን መከለል፣ እንዲሁም ማጣሪያው የተቀመጠበትን የታችኛውን ቁም ሣጥን በር ከፍቶ መተው ይገባል። የማሞቂያው ቴርሞስታት (ሙቀቱን ተከትሎ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) ተበላሽቶ ያለማቋረጥ እየሠራ እንደሆነም መፈተሽ አይዘንጋ። ሁለተኛ ቴርሞሜትር መጠቀምም አይከፋም፤ ርካሽ ቴርሞሜትሮች ብዙ ጊዜ ያሳስታሉና።

በረዶን በቀጥታ ውሃው ውስጥ መጨመር ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። በረዶው ሲቀልጥ ጨዋማነቱን ይቀንሳል፣ ከቧንቧ ውሃ የተሠራ ከሆነም ክሎሪን ይዞ ይገባል። ንጹሕ ውሃ በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ስለሚሰፋ ከላይ ክፍት ቦታ ትቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ ማቀዝቀዝና ጠርሙሱን ከኮራሎቹ አርቆ በማጣሪያው ታንክ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ሆኖም ከዚህ ዘዴ ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ቀልጦ እስኪሞቅ ድረስ የ100 ሊትር ውሃን ሙቀት የሚቀንሰው በ1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በረዶ ለአንድ ከባድ ከሰዓት በኋላ ይረዳ ይሆናል እንጂ ወቅቱን ሙሉ የሚያሻግር መፍትሔ አይደለም።

በአንጻሩ ከ100 ሊትር ውሃ ላይ 1 ሊትር ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት የቀሪውን ውሃ ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ሊቀንስ የሚችል ነው፤ ይህም ከ5 ኪሎ ግራም በረዶ በላይ ዋጋ አለው። የውሃውን ገጽ የሚነፍስ ትንሽ ቬንቲሌተር ከርካሽ ዘዴዎች ሁሉ የላቀ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ይህንንም በትክክል የማይጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶች ክዳኑን ሳያነሱ ከጎን በኩል መስተዋቱን ያናፍሳሉ፤ ነፋሱ የውሃውን ገጽ ካልነካ የሚገኘው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ዓሦች ዘለው እንዳይወጡ በቦታው ቀጭን መረብ መዘርጋት አለበት። ክፍሉ ተዘግቶ ከዋለ ደግሞ አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ትነቱ ይዳከማል፤ እርጥቡ አየር የሚወጣበት መስኮት ሊኖር ግድ ነው።

ከትነቱ ጋር የሚመጣውና ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ስህተት የጎደለውን በጨው ውሃ መሙላት ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው በሙሉ ወደኋላ ይቀራል። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው ካለው 100 ሊትር ላይ 3 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ወደ 36 ግራም ከፍ ይላል፤ ይህ ለቀናት ሲደጋገምና የጎደለውም በጨው ውሃ ሲተካ ለኮራል የማይቻል ይሆናል። መሙላት የሚገባው በተጣራና ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ እሱም በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እንጂ ሳምንት ጠብቆ በአንድ ጊዜ አይደለም።

ቬንቲሌተሩን ውሃ ውስጥ ሊወድቅ በሚችልበት ሁኔታ ማንጠልጠል የሰው ሕይወትንም አደጋ ላይ ይጥላል። በጽኑ ይታሰር፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይለፍ፣ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከዚያ እንዲንጠባጠብ፤ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው።

በትንሽ ፍሪጅ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ጠምዝዞ ውሃውን በዚያ ማሳለፍ ብልህነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያሳዝናል። ፕላስቲክ ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ የፍሪጁ ሞተርም የተሠራው የቀዘቀዘውን ጠብቆ ለማቆየት እንጂ ያለማቋረጥ የሚገባ ሙቀትን ለማውጣት ስላልሆነ ሳያርፍ እየሠራ ይጎዳል፣ ከጀርባው የሚያወጣው ሙቀትም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ይህን ችግር ለመፍታት ሲሉ ቱቦውን በመዳብ የሚተኩ ሰዎች የባሰ ጥፋት ይፈጽማሉ። መዳብ በጨው ውሃ እየተበላ ይሟሟል፤ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ለመግደልም እጅግ ትንሽ መጠን ይበቃዋል። የፋብሪካ ማቀዝቀዣዎች ውሃውን የሚነካውን ክፍል ብዙውን ጊዜ ከቲታኒየም የሚሠሩት ለዚህ ነው።

በመጨረሻም መቸኮል አለ። ቴርሞሜትሩ 31 ዲግሪ ሲያሳይ ደንግጦ በአንድ ጊዜ ወደ 25 ማውረድ ለዓሦቹ ሁለተኛ መከራ ይሆናል፤ በሰዓት ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት መቀነስ ይበጃል። ቀን 29፣ ሌሊት 24 እያለ የሚዋዥቅ ውሃም በ27 ላይ ጸንቶ ከሚቆይ ውሃ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ቬንቲሌተሩን ሙቀቱ ሲጨምር የሚያበራና ሲቀንስ የሚያጠፋ ቴርሞስታት መግጠም ለወጪው የሚገባ ነው። ሙቀቱ እስኪወርድ ድረስ አስቸኳዩ ሥራ ኦክስጅን ማብዛት ነው፤ የፓምፑን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ማዞር፣ የአየር ፓምፕ ካለ መጨመር፣ የሚበሰብሰው ትርፍ ምግብ ያለችውን ኦክስጅን እንዳይሻማ ደግሞ የዓሦቹን መኖ ለዚያ ቀን መቀነስ ነው።